በቀን አንድ ገጽ

የአሮጌ ወረቀት አቧራና በረኪና ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሸቱ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ባለፈው ሰሞን በምሠራበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ገብቼ ፋይል ስፈልግ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ገፋ አድርጋ ገብታ ወለሉን በበረኪና መወልወል ስትጀምር፣ ያ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ደርቄ ቀረሁ። የእናቴ ሽታ ነበር። እናቴ ከሥራ ስትመለስ የምትከናነበው ቶቧም፣ ጸጉሯም፣ መዳፏም እንዲሁ ይሸቱ ነበር።

የምንኖረው ከካርቱም መሃል ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ፣ ካላክላ ነበር፤ ኪራዩ ስለሚረክስ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ተጠጋግተን እንኖራለን። አባቴ እኔ ገና ዳዴ ስል ወደ ሊቢያ ብሎ ወጥቶ በዚያው ስለቀረ፣ ቤተሰብ ማለት እኔና እናቴ ነበርን። እናቴ ከድጃ ከወሎ የመጣች ናት። ጀሪፍ በሚባል ሰፈር፣ ወንዙ ዳር፣ ጡረታ በወጣ አንድ ሱዳናዊ አስተማሪ ቤት ትሠራ ነበር፤ ሰውየውን ሁሉም «ኡስታዝ» ይለዋል፣ ሚስቱን ደግሞ «ሓጃ» ይሏታል። እናቴ በጠዋት ወጥታ፣ ሐፍላ የምንለውን የታጨቀ ሚኒባስ እየቀያየረች ሄዳ፣ ቤቱን አጽድታ፣ ልብስ አጥባ፣ ምሳ ሠርታ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በገመድ ከተጠለፈው አልጋችን ጫፍ ትቀመጥና፣ እግሯን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ከትታ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ያን ጊዜ እሷን ማናገር ክልክል ነው። ትንፋሿ ሲረጋጋ ብቻ ጠጋ ብዬ፣ «ዛሬስ ምን ገለጥሽ?» እላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡስታዝ ሳሎኑን ከወለል እስከ ጣሪያ በመጻሕፍት የሞላ ሰው ነበር። የካርቱም አቧራ ደግሞ በሩን ቢዘጉበት በቁልፍ ቀዳዳ ስለሚገባ፣ መጻሕፍቱ በየቀኑ መወልወል ነበረባቸው። እናቴ ያየችው ትምህርት ቢኖር አገር ቤት ሳለች የቀመሰችው መሠረተ ትምህርት ብቻ ስለሆነ አማርኛን ፊደል እየቆጠረች ታነባለች፤ ዐረብኛ ግን በጆሮዋና በአፏ እንጂ በዓይኗ አንድም ፊደል አትለይም። ስለዚህ የምታየው ሥዕሉን ነበር። ለራሷም ሕግ አውጥታ ነበር፤ በቀን አንድ ገጽ፣ ከዚያ በላይ የለም፣ ሥራ ያስፈታል። ያቺን አንድ ገጽ ታዲያ ከነዝርዝሯ በልቧ ይዛት፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል ተሳፍራ፣ ለእኔ ታመጣልኝ ነበር። እኔ መጻሕፍቱን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት የሥዓሊዎቹ መጽሐፍ ተራ ነበር። ሥዓሊዎቹን ከነሥዕላቸው የሚያሳይ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ መጽሐፍ ነው ትላለች። አልጋችንን ደጅ አውጥተን፣ እሷ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እኔ በካርቶን እያራገብኩላት ትተርክልኛለች።

«ዛሬ ደግሞ አንዱ ሽማግሌ ራሱን ሥሏል።»

«ራሱን? ለምን?»

«እኔ እንጃ፤ የሚሥለው ሰው አጥቶ ይሆናላ። ፊቱ ላይ የከረመ ድካም አለበት፤ ኮሌታው ግን ንጹሕ ነው። ሚስት ሳትኖረው አትቀርም።»

እናቴ ማንኛውንም ሥዕል የምትጀምረው ከወለሉ ነበር። ሌላ ሰው ሰማዩን ያያል፣ የሴቲቱን ዓይን ያያል፤ እሷ ወለሉን አይታ ሳትጨርስ ወደ ላይ አትወጣም። አንድ ሥዓሊ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚታይበትን ገጽ ስትነግረኝ፣ «ቀለሙን ወለሉ ላይ አዝረክርኮ አዝረክርኮ፣ ወላሂ የዚያችን ሴትዮ ወገብ አያድርገኝ» አለች። የቷ ሴትዮ ስላት፣ «የምታጸዳለት ናታ! አልተሣለችም እንጂ መኖሯ መቼ ይቀራል?» ብላ ተቆጣችኝ። ጠረጴዛ ላይ ዓሣና ሎሚ የተሣሉበትን አይታ በመጣች ቀን ደግሞ፣ ሰዎቹ ዓሣውን ሳይበልቱት ትተውት መሄዳቸው ቀኑን ሙሉ ሲያበሳጫት እንደዋለ ነገረችኝ። እኔ ግን ያንን ዓሣ አሁንም ድረስ አየዋለሁ፤ ቅርፊቱ ያብረቀርቃል፣ ሎሚው ግማሹ ተልጧል፣ ቢላዋው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ ሊወድቅ ነው።

ዝናብ ሲገባ ካላክላ ጭቃ በጭቃ ይሆን ነበር። ጣሪያችን ስለሚያፈስ ሳፋውም ድስቱም ለጠብታው ይደረደሩና፣ እኛ እግራችንን ሰብስበን አልጋው ላይ እንወጣለን። የዚያ ወቅት መጽሐፍ የድሮ ፎቶግራፎች ነበሩበት፤ የድሮዋ ካርቱም፣ በወንዙ ላይ የሚሄዱ የእንፋሎት ጀልባዎች፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ደረጃ ላይ የተሰለፉ ትልልቅ ሰዎች። አንድም የሚስቅ የለም ትለኛለች። ኡስታዝ እንደነገራት ከሆነ የዚያን ዘመን ካሜራ ቀርፋፋ ስለነበረ፣ ፎቶ የሚነሣ ሰው ትንፋሹን ውጦ መቆም ነበረበት፤ የተንቀሳቀሰ ፊቱ ይጠፋል። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ ገጹን በገለጠች ቁጥር የምትፈልገው ፊቷ የጠፋውን ሴት ሆነ።

«ከኋላ፣ ዓምዱ ጋ፣ ትሪ የያዘች አለች» ትለኛለች። «የጌቶቿ ፂም እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የእሷ ፊት ግን ጉም ሆኗል።»

«ለምን አልቆመችም?»

«ሹግል አለባታ፣ ልጄ! ሥራ ይዛ እንዴት ትቁም?»

ዝናቡ አልፎ በሚመጣው ብርድ፣ የሰሜኑ ነፋስ ከበረሃው ሲመጣና አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ስንለብስ፣ የምወደው የሦስተኛው መጽሐፍ ጊዜ ይመጣል። ይህ ከሥዕል ጋር የቀረበ ውል የለሽ የቀልድ ግጥም ነው፤ ኡስታዝ ጮክ ብሎ እያነበበ ብቻውን ይስቃል፣ እናቴ መደርደሪያውን እየወለወለች ትሰማለች። ዐረብኛውን ወደ አማርኛ ስታመጣው ከራሷ ብዙ ትጨምርበት እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ ዐረቦች ስለ ወጥና ስለ ባልዲ ይህን ያህል የሚጨነቁ አይመስለኝም።

«ግመል ጫማ ገዛ፣ ለአራት እግሩ ሁለት፣
ዓሣ ጥላ ያዘች፣ ዝናብ እንዳይመታት፣
ድስት ወጧን በልታ፣ ጠግባ ተኝታለች፣
ጨረቃ ባልዲ ውስጥ፣ ጸጉሯን ታጥባለች።»

እሷ ግን አንዱንም ግጥም እስከ መጨረሻው ይዛው አታውቅም፤ መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ምላሷ እየተሳሰረ፣ «ግመሉ... ሓጃ፣ መጋረጃው ደርቋል... ግመሉን እተኩሰዋለሁ...» ስትል፣ እኔ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ከትቼ በሳቅ እፈርስ ነበር። የግጥሙ ምርጥ ክፍል ያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል፤ ሴትዮዋ በሕልሟም ሥራ ላይ ነበረች።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴን በያዝኩበት ዓመት፣ ዝናቡ ጠና ብሎ፣ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ የእናቴ ወገብ ተያዘ። አንድ ጠዋት ልትነሣ ስትል ጮኸችና ተመልሳ ወደቀች። በቤት ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነበር፤ የታመመች ሴት ቦታዋ እንዳይያዝባት እህቷን ወይም ልጇን ተኪ ትልካለች። የግቢያችን ጎረቤት ሐሊማ፣ እኔ እንደ ሰፈሩ ልጆች «ኻልቲ» እያልኩ አክስቴ አድርጌ የምጠራት፣ ነገሩን ያነሣችው እሷ ናት።

«ወላሂ ከድጃ፣ ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቅሽም። ሓጃ ነገ ሌላ ታስገባለች፣ ኸላስ፣ አለቀ! ልጅሽን መዲናን ላኪያት። እኔ በእሷ ዕድሜ ሁለት ቤት አጸዳ ነበር።»

እኔ እናቴ እስክትመልስ አልጠበቅኩም። «እሄዳለሁ! ኻልቲ፣ እኔ እሄዳለሁ!» ብዬ ዘለልኩ። ቀኑን ሙሉ ከእነዚያ መጻሕፍት ጋር ልውል ነው፤ የዓሣውን ቅርፊት፣ የጠፋውን ፊት፣ የግመሉን ጫማ በዓይኔ ላያቸው ነው፤ የእናቴ ሕግ ደግሞ በእኔ ላይ አይሠራም፣ የፈለግኩትን ያህል እገልጣለሁ። «ትምህርት ቤቱም ይቆይ፣ ምን ችግር አለው? እማ እስኪሻላት ነው» አልኩ። እናቴ ከተኛችበት ቀና ሳትል ፊቴን ስታየኝ፣ ስታየኝ ቆየች። አላመሰገነችኝም። ደስታዬን አይታ እንዲያ የፈራችበትን ቀን ሌላ አላስታውስም።

በማግስቱ ወገቧን በነጠላ ጥፍንግ አድርጋ አስራ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ራሷ ወጣች። ስትመለስ ልብሷ ርሶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ሳፋውን አቀረብኩላት፤ ጎንበስ ማለት ስላልቻለች እግሯን እኔ አጠብኩላት። ትንፋሿ እስኪረጋጋ ጠብቄ ያንን ጥያቄዬን ስጠይቃት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«የሉም» አለች። «ኡስታዝ ሸጣቸው። መደርደሪያው ባዶ ነው።»

«የሥዓሊዎቹም?»

«ሁሉም። ከእንግዲህ አትጠይቂኝ፣ መዲና። ደክሞኛል።»

ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ ለአባቴ አልቅሼው የማላውቀው ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሐሊማ ነገሩን እንደገና ስታነሣ፣ እዚያ ባዶ ቤት ሄጄ ምን ልሠራ ብዬ አኮረፍኩ፤ ትምህርት ሲከፈት ደብተሬን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ በዚያ ወገቧ መሥራቷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝም አለ። እሷ ትገባለች፣ እግሯን ትዘፈዝፋለች፣ ትተኛለች፤ እኔ ሥዕል የሌለበትን የትምህርት ቤት መጽሐፍ እሸመድዳለሁ፣ ያንን መጻሕፍቱን የሸጠ ሽማግሌም እረግማለሁ። አይቼው የማላውቀውን ሰው የጠላሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

ሁለተኛ ደረጃን ልጨርስ ስቃረብ የእናቴ ወገብ ጨርሶ እምቢ አለ፤ ያን ጊዜ ቦታዋን ሐሊማ ራሷ ያዘችው። በመጀመሪያው ጁምዓ፣ እናቴ ለምሳ የሙሉኽያ ቅጠል እየቀነጠሰች፣ እኔ ለፈተና እያጠናሁ፣ ሐሊማ ወገቧን ይዛ እያማረረች ገባች።

«ሓጃስ ደህና ናት። የገደለኝ ያ የኡስታዝ መደርደሪያ ነው! ሰው ዕድሜ ልኩን ያንኑ መጽሐፍ ይታቀፋል? አንድ ሳይሸጥ፣ አንድ ለሰው ሳይሰጥ! የሥዓሊዎቹ ብቻ ክንዴን ቆረጠኝ።»

እናቴን አየኋት። ቀና አላለችም፤ ቅጠሏን መቀንጠሷን ቀጠለች። ሐሊማ ሻይዋን ጠጥታ እስክትወጣ ታግሼ፣

«አልተሸጡም ነበር?» አልኳት።

«አልተሸጡም።»

በጣም ተናደድኩ፤ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ገጽ። «እሺ አንቺስ? ከዚያ በኋላ ትገልጪ ነበር?»

«ትቼዋለሁ። ለሰው ካልነገሩት ምን ያደርጋል?»

ከዚያ ቅጠሉን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። «እዚያ ቤት ስገባ ለሁለት ወር ብዬ ነበር፣ መዲናዬ። ሁለት ወር ሠርቼ ልወጣ። ቤቱን ጠልቼው ገብቼ፣ ጠልቼውም መውጣት አቃተኝ። አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ ልትገቢ ነው። ወደሽው ከገባሽ በኋላ እንዴት አድርጌ ላውጣሽ?»

ሐሊማ በኋላ፣ «ነይ አንድ ቀን ይዤሽ ልሂድ፣ ትያቸዋለሽ» ብላኝ ነበር፤ አልሄድኩም።

አሁን የሥዕል መጻሕፍት መሃል ከተማ፣ በረንዳ ላይ ተዘርግተው ይሸጣሉ። አልፎ አልፎ ገዝቼ እገባለሁ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ተቀምጬ እየዋልኩ እንዲህ ከደከመኝ፣ እሷ ያንን ሁሉ ስትተርክልኝ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሆኖም የእኔና የእሷ ድካም አንድ አይደለም፤ እሷ አንድ ቀን ለመቅረት እንኳ ተኪ ታስፈልጋት ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬን የለቀቅኩ ቀን፣ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ግቢው ውስጥ ስዞር ቆይቼ ገባሁ።

«ሥራ ለቀቅኩ፣ እማ።»

«ዝም ብለው ለቀቁሽ?»

«ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፈረሙልኝ፣ ወጣሁ።»

«ማንንም ሳትተኪ?»

«ማንንም።»

የሌሎች እናቶች ልጃቸው ሥራ ስትይዝ እልል ይላሉ። የእኔ እናት በዚያ ወገቧ ተነሥታ እልል ያለችው ያን ቀን ነው።