ስድስተኛው ክር

ጁባ ሙዚየም ሊኖራት ነው ሲባል መስማት ከጀመርኩ ቆየሁ። እስካሁን ያየሁት ግን ኮሚቴውን ብቻ ነው። ኮሚቴው ስብሰባ ይወዳል፤ ከስብሰባው አብልጦ ደግሞ የሻይ ዕረፍቱን። ባለፈው ዓመት ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በአንድ የሐበሻ ሆቴል አዳራሽ የባህል ኤግዚቢሽን እናሳያለን ብለው ተነሱ። ቅርስ ያለው ሁሉ ያውሰን ብለውም በሬዲዮ አስነገሩ።

እኔ ቅርስ አለኝ። አባቴ የተወው ራባባ ነው፤ ክራር የሚመስል፣ ክራር ግን ያልሆነ። በጦርነቱ ጊዜ እናቴ እኔን አዝላ፣ እሱን በብብቷ ይዛ ድንበር ተሻግራ ኢትዮጵያ የስደተኞች ካምፕ ገባች። አባቴ ከኋላ ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ ሳይደርስ ቀረ። ካምፕ ውስጥ ራባባውን ማንም አልነካውም፤ ክሮቹ እዚያው ተሰቅለው ተበጣጠሱ። ለትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ ይዤው ሄድኩና አዲስ ክር አሠርቼለት መምታት ተማርኩ። አገር ከገባን ወዲህ እናቴ ማንጋቴን ሰፈር ከእህቴ ጋር ትኖራለች። የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሳትሞት የአባቴን ራባባ ድምፅ እንዳሰማት። እኔም ነገ ነገ ስል ኖርኩ። ኤግዚቢሽኑ ሲመጣ፣ በመክፈቻው ቀን በሰው ሁሉ ፊት ልመታላት ቃል ገባሁ።

ራባባውን ከመክፈቻው አንድ ቀን ቀድሜ አስረከብኩ። ከሰዓታት በኋላ ብመለስ ከጎኑ በእንግሊዝኛ «ክራር፣ ኢትዮጵያ» የሚል ካርድ ተለጥፎበታል። ደሜ ፈላ። የኮሚቴው ሴክሬታሪ እንደኔው ኢትዮጵያ ያደገ ልጅ ነው፤ በዚያ ሙቀት ከነከረባቱ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ ወንድሜ። ስድስት ክር አለው እኮ፣ ክራር ነው።»

«ራባባና ክራር ሳትለይ ነው ባህል የምታሳየን?»

«ካላስ፣ ካላስ፣ እንቀይረዋለን። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

አዲሱን ካርድ ራሴ ጻፍኩት። «የአባቶቻችን ራባባ፤ ድምፁ እንደ ጥንቱ።» አሮጌውን ሴክሬታሪው አጥፎ ኪሱ ከተተው። እንዲህ ያለ ደንቆሮ ታሪካችንን ሊጠብቅ ነው እያልኩ ሰፈሬ ኮር ዊሊያም እስክደርስ ብቻዬን ስሳደብ ሄድኩ።

በማግስቱ ክቡር እንግዳው ሁለት ሰዓት አርፍዶ መጣ። ሪባን ቆረጠና ባህል ሥር ነው፣ ባህል ማንነት ነው እያለ ላብ እስኪያጠምቀን ተናገረ፤ ወደ ዕቃዎቹ ግን አንዴም ዞር አላለም። ጦሩን ዘቅዝቀው አቁመውታል። በወተት ቅሉ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። ከበሮውን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ተውሰው ነው ያመጡት፤ መዘምራኑ በዚያ እሑድ በጭብጨባ ብቻ ዘመሩ ሲባል ሰማሁ። ለሙዚቃ ብለው ያመጡት ደግሞ አንድ የሠርግ ኪቦርድ ነው። እንግዳው ሁሉ በአንድ እጁ ሳምቡሳ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ከጦሩ ጋር ፎቶ ይነሳል። ናቅኳቸው። መናቅ ደግሞ ደስ ይል ነበር።

እናቴን በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ አስመጥቼ ለባለሥልጣን በተያዘው ባለ ስፖንጅ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ደፍሮ ያስነሳት የለም። ኪቦርዱን አስቆምኩና ፊቷ ተቀምጬ ራባባውን መታሁ። የአዳራሹ ሰው ማላመጡን አላቆመም፤ እኔም ከእሷ በቀር ማንንም አላየሁም። መጀመሪያ ጆሮዋን ወደኔ አዘነበለች። ቀጥሎ ጣቶቼን ታይ ጀመር። ከዚያ ቀና ብላ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ስጨርስ አጨበጨበችልኝ፣ ለማያውቁት ሰው በትህትና እንደሚጨበጨበው።

«እማዬ፣ እንዴት ነው?» አልኳት በቤታችን ቋንቋ።

«ያምራል። ካምፕ እያለን ከሐበሾቹ ሬዲዮ የምንሰማው ነው።» ጎንበስ ብላ የራባባውን የላይኛውን እንጨት በጣቷ ዳሰሰች። የድሮዎቹ ክሮች የቦረቦሩት ጎድጓዳ አምስት ቦታ አለ፤ ስድስተኛው ክር ያረፈው ምንም ባልቦረቦረው ለስላሳው እንጨት ላይ ነው። «የአባትህ አምስት ነበር» አለችኝ።

አምስት እንደነበር አውቃለሁ። አዲስ አበባ የክራር አስተማሪዬ አምስት ክር አይበቃም ሲለኝ ስድስተኛውን ያስጨመርኩት ራሴ ነኝ፤ ቅኝቱንም በክራር ቅኝት አስቃኘሁት። የአባቴን ጉድለት የሞላሁ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የአባቴ ድምፅ ነው ብዬ የያዝኩት የአስተማሪዬን ድምፅ ነበር። አፈርኩ።

«በአፍሽ አንጎራጉሪልኝ» አልኳት፤ «እንደሱ እቃኘዋለሁ።»

አፏን ከፈተች፣ ጠበቀች፣ መልሳ ዘጋችው።

«እኔ እሰማ ነበር እንጂ አልያዝኩትም ልጄ። የያዝከው አንተ ነህ።»

ወደ ቦዳው ሸኝቻት ስመለስ ሴክሬታሪውን ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና አሮጌውን ካርድ ጠየቅኩት። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የራሴን ቀደድኩና የእሱን በእጄ ለጠፍኩት።