የአክስቴ ጉርድ ፎቶ

ያቺን ስልክ የገዛኋት ለመታየት ነው፤ ልዋሽ አልፈልግም። ያን ጊዜ ሞባይል ላሊበላ ከገባ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከቤሩት የተመለሰች ጎረቤቴ ስትሸጣት ሳይ አላስችል አለኝ። እንደ ዳዊት የምትከፈትና የምትከደን ናት። ማጠፊያዋ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል የካሜራ ዓይን አለች፤ በጣት ሲገፏት ቀጭ ብላ ትዞራለች። ወደ ውጭ ሲያዞሯት ፊት ለፊት ያለውን ሰው ታነሳለች። ወደ ውስጥ ሲያዞሯት ደግሞ ስክሪኑን የሚያየውን ሰው ራሱን ታነሳለች። በእረፍት ሰዓት መምህራኑ እየተቀባበሉ ሲያዞሯት "ቀስ፣ ትሰበራለች" እያልኩ እኮራ ነበር።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከገነተ ማርያም አልፎ ዳገት ላይ ባለ መንደር ትኖር ነበር። እታታ እላታለሁ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ያላት ነገር ቢኖር ባሏ የተወላት መሬት ነው። እሱንም የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ በእኩል ያርስላት ነበር። የራሱ ማሳ ከእሷ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ግራኝ ሰው ነው፤ ጅራፉንም ማጭዱንም በግራው ነው የሚይዘው። በልጅነቴ ክረምት ክረምት እዚያ ስንሄድ በግራ እጁ ጅራፍ ሲያጮህ ደስ ይለን ነበር።

ያን ጊዜ የገበሬው መሬት ተለክቶ፣ ለባለይዞታው ሁሉ ጉርድ ፎቶው የተለጠፈበት ደብተር ይሰጥ ነበር። ፎቶ አንሺው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድረስ መጥቶ በአንድ ቀን ሰዉን ሁሉ አንስቶ ሄደ። እታታ በዚያው ሰሞን ከገደል አፋፍ ተንሸራታ ጭኗ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻው አስሯት፣ ከተንቀሳቀሰች ዳግመኛ እንደማትራመድ አስጠንቅቋል። ዋርሳዋ ይኼኔ የመሬት ኮሚቴው ዘንድ ሄዶ፣ ሴትዮዋ እንደማትተርፍ፣ አፏም እንደተያዘ ነግሮ፣ መሬቱ በአራሹ በእሱ ስም እንዲመዘገብ ጠየቀ። እሷ ይህን ከጎረቤት ሰማች። ለገበያ በወጣ ሰው ላከችብኝ፦ ሳልሞት ልወረስ ነው፣ ድረሽልኝ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝታ አገኘኋት፤ ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ትኩሳት ነበራት፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው። ስልኬን ከፍቼ ዓይኗን ወደ ውጭ አዙሬ ቀና እንድትል ጠየቅኳት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እንደገና ጠየቅኳት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፎቶ ተነስታ አታውቅም፤ ያቺ ጥቁር ዓይን ስታፈጥባት ታፍራለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ተቆጣኋት። ከተቆጣኋት በኋላ አፈርኩና የስልኳን ዓይን ወደ ውስጥ አዞርኩላት። እራስጌዋ ተንበርክኬ ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩላት፤ ስክሪኑ ላይ ራሷን አየች።

ቀስ ብላ ነጠላውን ከፊቷ ገለጠች።

"አርጅቻለሁ ዴ?" አለችኝ።

ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የሚወርደውን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው። ያን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በሬ ወግቷት ነው ይባላል። ላስቃት ብዬ እንዲህ አስተካክሎ የሚወጋ በሬ የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልሳቀችም። "በሬ ነው" ብላ ዓይኗን መለሰች። ከዚያ ቀና ብላ ስክሪኑን ስታይ ቁልፉን ተጫንኩ።

ሰኞ ላሊበላ ፎቶ ቤት አሳተምኩት። ብርሃን በዝቶበት ፊቷ ነጣ ብሏል፤ ቢሆንም አራት ጉርድ ፎቶ ወጣው። ቅዳሜ ወስጄ ሲመሻሽ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ሰጠሁ፤ ተገላገልኩ ብዬ፣ ዳገቱን ሳልወጣ እዚያው ታች አደርኩ።

በማግስቱ እሑድ መዝገቡ በሕዝብ ፊት ይነበብ ነበር፤ ተቃውሞ ያለው ሰው እዚያው ይነሳል። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥዱ ሥር ተሰበሰብን። አምስቱ የኮሚቴ ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የቀድሞ ሚሊሻ ናቸው፤ ጠብመንጃቸው ከቀኝ ትከሻቸው ወርዶ አያውቅም። የእታታ ተራ ደርሶ ስሟ ሲነበብ ዋርሳዋ ተነሳ። ፎቶዋን ተቀብሎ በግራ እጁ ጣቶች ከፍ አድርጎ ያዛት።

"ይቺ እሷ አይደለችም" አለ። "የእሷ ጠባሳ በቀኝ ጉንጯ ነው። የዚች በግራዋ ነው።"

ቀጠለና፣ ይቺ ላሊበላ ያለችው ታናሽ እህቷ ናት፣ ማለትም እናቴ፣ ጠባሳውን በከሰል ሥለውላት ጎኑን ሳቱት አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ታጭበረብራለች ሲል ግን ንዴቴ ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ምክንያቱም ፎቶዋን ተቀብዬ ሳያት ጠባሳው እውነትም በግራ ጉንጯ ነበር። እኔ ራሴ የቱ ጉንጯ እንደሆነ አላውቅም! ስንት ዓመት ሙሉ ያን ጉንጭ ስሜያለሁ፤ በየት በኩል እንደተሰነጠቀ ግን ልምል አልችልም።

ሰብሳቢው ሰዉን ጠየቁ። ቄሱ፣ መስቀል ሲያሳልሟት ተሸፋፍና ስለሆነ ልብ እንዳላሏት ተናገሩ። ከእሷ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ የቀዳች ጎረቤቷ እጇን ግራ ጉንጯ ላይ አሳረፈች፤ ቆይ ቆይ አለች፤ ፊት ለፊቷ እንደቆመች አስባ ዞረች፤ ከዚያ እጇን ወደ ቀኝ ጉንጯ አዛወረች። "ቀኝ ሳይሆን አይቀርም" አለች። ሌሎቹም እየተያዩ ቀኝ፣ ቀኝ አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሳያመነታ የተናገረ ዋርሳዋ ብቻ ነበር።

ፎቶዋን አተኩሬ ሳያት ነጠላው ላይ ዓይኔ አረፈ። እታታ ነጠላዋን ዕድሜዋን ሙሉ በግራ ትከሻዋ ነው የምትጥለው። ፎቶው ላይ ግን በቀኟ ነው። ጥለቱም፣ ጠባሳውም፣ ሁሉም ጎን ለጎን ተለዋውጧል። ያኔ ገባኝ። ዓይኗን ወደ ውስጥ ካዞርኳት ስልኳ ሰውን የምታሳየው እንደ መስታወት ነው፤ እንዳሳየችም አድርጋ ታስቀምጠዋለች። የሥራ ባልደረቦቼ ስንቴ ሲያዞሯት ቆሜ አይቻለሁ፣ ይህን ግን አንዴም ልብ አላልኩም።

ይህንኑ ለኮሚቴው ለማስረዳት ሞከርኩ። በፍርሃት አፌ ተሳሰረ፤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አበላሸሁት። ዋርሳዋ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠኝና "መስታወት ነው ዴ ያመጣሽልን ወይስ ፎቶ?" አለ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። ደብተሩ ላይ ያልተለጠፈ ሰው መሬት የለውም፣ ጉዳዩ ይዘጋልኝ ብሎ ጠየቀ። ከኮሚቴው ሁለቱ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ።

ላሳያችሁ አልኩ። ስልኬን ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ አጥፍቼ ነው የያዝኳት፤ በዚያ አገር መብራት የለም፤ ባትሪዋም አንድ መስመር ብቻ ቀርቷት ነበር። ከፈትኳት። ስትነሳ የምትዘፍነው ዘፈን አላት፤ ያን ቀን ረገምኳት፣ አላልቅ አለች። ዘፈኗ ሲያበቃ ባትሪዋ ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ሰብሳቢው አጠገብ ቆሜ ዓይኗን ወደ ውስጥ አዞርኩ፤ ስክሪኑን እንዲያዩ ለመንኳቸው፤ ተጫንኩ። ፎቶውን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

አዩት። ቀኝ ትከሻቸውን ዳሰሱ። እንደገና ፎቶውን አዩ፤ ጠብመንጃው በግራ ትከሻቸው ላይ ነው። ማንገቻውን ጨበጥ አደረጉ። ሌሎቹ ለማየት አንገታቸውን ሲያሰግጉ ስክሪኑ ጠቆረ። ብጫን ብለቅ እምቢ አለች።

ዋርሳዋ እሱ ያየው ነገር እንደሌለ ተናገረ። እውነቱን ነው፤ ከሰብሳቢው በቀር ማንም አላየም፤ እሳቸው ደግሞ ከአምስት አንድ ድምፅ ናቸው። ሰብሳቢው ስልኳን ከድነው መለሱልኝና ወደ እሱ ዞሩ።

"አንተ ግን እርግጠኛ ነህ? ቀኝ ነው?"

"እንደ ነፍሴ" አለ።

"እንግዲያው ከራሷ እንስማ" ብለው ተነሱ።

ወደ እታታ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ዳገት ነው። ሰብሳቢው፣ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች፣ ዋርሳዋና እኔ ወጣን። መዝገቡንና የቀለሙን ሳጥን አንደኛው በአገልግል ይዟል። እኔ የማስበው ያለፈውን ሳምንት ቅዳሜ ትኩሳቷን ነው። ስምንት ቀን ሆኖታል። እሱ አፏ ተያዘ ሲል ዋሸ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ቢሆንስ? መናገር አቅቷት ብናገኛትስ? ወይ ደግሞ ቁሚ ቢሏትስ? ዳገቱ ያስለከለከኝ መሰለኝ እንጂ የሚያስለከልከኝ ፍርሃት ነበር።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ "ማነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ።

ሰብሳቢው ጠብመንጃቸውን በር ላይ አስደግፈው ጎንበስ ብለው ገቡ። ሕመሟን ጠየቁ፣ እግዜር ይማርሽ አሏት፣ ከዚያ የመጡበትን ነገር አንድ በአንድ ነገሯት፦ የፎቶውን፣ የጠባሳውን፣ የሰዉን ማመንታት። እሷ ጣሪያውን እያየች አዳመጠች። ሲጨርሱ ፊቷን እንድትገልጥ ጠየቋት። ነጠላዋን በራሷ እጅ አነሳች። ጠባሳው በቀኝ ጉንጯ ነበር።

"አላልኩም?" አለ ዋርሳዋ ከበሩ አጠገብ። "ቀኝ አላልኩም?"

"ብለሃል" አሉ ሰብሳቢው። ወደ እሷ ዞሩ። "ያ ሁሉ ሕዝብ ግራና ቀኙ ሲጠፋው እሱ ብቻ እንደ ነፍሴ አውቃለሁ ብሎ መሰከረ።"

እታታ ሳቀች። ጭኗን ስላመማት ሳቋን አቋረጠችው።

"እሱማ አይሳሳት" አለች። "ግራኝ አይደለም ዴ?"

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ የሰብሳቢው ዓይን ከጉንጯ ተነስቶ ወደ ዋርሳዋ ግራ እጅ ሄደ። የእኔም ዓይን አብሮ ሄደ። ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው፣ በግራ እጁ ሲሰነዝር፣ የሚያርፈው በቀኝ ጉንጯ ላይ ነው። የቱ በሬ ነው እያልኩ የቀለድኩት ትዝ አለኝ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"በሬ አልነበረም ዴ ያሉን?" አሉ ሰብሳቢው። አንቺ ያሏትን ሴት ሳይታወቃቸው እርስዎ አሏት።

"የድንበሩን ድንጋይ ሲገፋ ደረስኩበት። ማጭድ ይዞ ነበር" አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። "ባሌ ቢሰማ ይገድለው ነበር። ወንድማማች ናቸው። በሬ ነው አልኩ። አንዴ በሬ ካልኩ ወዲያ፣ ይኸው በሬ ስል ኖርኩ።"

ዋርሳዋ ውሸቷን ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለም። ከኮሚቴው ሰዎች አንደኛው ቀስ ብሎ ከአጠገቡ ራቀ። እኔ ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ግን እጇን ብቻ ያዝኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ትኩሳቱ ለቋታል።

ሰብሳቢው መዝገቡን ከአገልግሉ አውጥተው መደቡ ጠርዝ ላይ ዘረጉት። ሌላ ፎቶ ይነሱ ወይ ብለው ጠየቋት፤ ይቺው ትበቃኛለች አለች። ፎቶዋን እንዳለች ለጠፏት። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው አስፈረሟት፤ እኔ ክንዷን ደገፍኩላት። ቀጥሎ አዋሳኙ ባለማሳ ድንበሩ ትክክል ነው ብሎ ይፈርማል፤ ደንቡ ነው። ያ ሰው ደግሞ ዋርሳዋ ነው። ስለ ድንጋዩ በሌላ ቀን የመለኪያ ገመድ ይዘው እንደሚመለሱ፣ እስከዚያ ግን መሬቱ የእሷ መሆኑን እንዲያምን ሰብሳቢው በዝግታ ነገሩት።

መጥቶ ተንበረከከ። ቀኝ እጁን ወደ ቀለሙ ዘረጋ።

"በግራህ" አሉት።

ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው ሳጥኑን ወደ ግራው ገፉት። እታታ ትራሷ ላይ ሆና ትመለከተዋለች። ቀኙን ሰበሰበና ግራ አውራ ጣቱን ነከረ፤ ከፎቶዋ በታች አሳረፈው። ቀለሙን የሚጠርግበት ጨርቅ ፈልጎ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ማንም አላቀበለውም።