ከጎጀብ ማዶ የነበረው ፈተና

ሀፍሳ ሰማን ሕግ መማር የተመኘችው በሰው ጉዳይ ፍርድ ቤት ገብታ ነው። የጎረቤታቸው የእትዬ የሺሃረግ ባል ሲሞቱ፣ የባል ዘመዶች ከቤት ትውጣልን ብለው ከሰሷቸው። እትዬ ብቻቸውን መሄድ ፈርተው ሀፍሳን «አንቺ ልጅ፣ አጠገቤ ብቻ ቁሚልኝ» አሏት። ቆመችላቸው። አንዲት ወጣት ጠበቃ ተነስታ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ እንደሆነና ሚስትየዋ ድርሻቸውን በማንም ቸርነት ሳይሆን በራሳቸው መብት እንደሚይዙ አስረዳች። ዳኛውም ለእትዬ ፈረዱ። እትዬ የሺሃረግ ቤታቸው ቀሩ፤ ሀፍሳ ግን ከዚያ ወዲያ ጨርቅ ስትለካም ስትቆርጥም የምታስበው ያቺን ጠበቃ ሆነ።

አባቷ ጋሽ ሰማን በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው ቦንጋ የቀሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሷም በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ስታጣ የተመለሰችው እዚያው ሱቅ ነበር። ጅማ ላይ በቅዳሜና እሑድ ሕግ እንደሚሰጥ፣ ለመግባት ግን ፈተና እንዳለ ስትሰማ የመለማመጃ መጽሐፍ ገዝታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

ሃሌሉያን ያመጣት ያ መጽሐፍ ነው። ሃሌሉያ ዋጫ ከተማ ትምህርት ቤት የምታስተምር የካፋ ልጅ ናት። ለእህቷ ሠርግ ጨርቅ ልትገዛ ገብታ መጽሐፉን ስታይ ጨርቁን ረሳችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ። ምነው?»

«እኔም ልፈተን ተመዝግቤአለሁ። የማጠናው ብቻዬን ስለሆነ ግን ግማሹ አይገባኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። አርብ ሀፍሳ መስጊድ፣ እሑድ ሃሌሉያ ቸርች፤ በመሃል ያለችው ቀን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ታልፋለች። ሃሌሉያ እንግሊዝኛውን ታስረዳለች። ሀፍሳ ደግሞ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ የሚሉትን የማመዛዘን ጥያቄዎች ጣቃ ጨርቅ እየደረደረች ትፈታቸዋለች፦ «ቀዩ ከሰማያዊው በስተቀኝ ከሆነ፣ አረንጓዴው ዳር ላይ መሆን አይችልም፤ አየሽ?» ጋሽ ሰማን ጣቆቹ ቦታቸውን በለቀቁ ቁጥር ያጉረመርማሉ። «ጠበቃ ስትሆኚ ሱቁን ማን ሊይዘው ነው?» ይሏታል። እሷ ስቃ ጣቆቹን ቦታቸው ትመልሳለች።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ጅማ ላይ ነበር። አርብ አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረው ሳለ የጋሽ ሰማን ደም ብዛት ተነሳ። ሀፍሳ ሐኪም ቤት አልጋቸው አጠገብ ሆና ለጓደኛዋ ደወለች።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ነገ በማለዳ መኪና እደርሳለሁ።»

«እንግዲያው እኔም ነገ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ።»

«ሃሌ፣ በአላህ ይሁንብሽ ሂጂ። ሁለታችንም እንዳንቀር።»

ሃሌሉያ ሄደች። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ መንገዱ ላይ አፈር ንዶ ስለነበር፣ የሀፍሳ ሚኒባስ ማለዳ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሀፍሳ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጭቃውን በእግሯ ተሻገረችው። ከማዶ ቆሞ የነበረ አይሱዙ ወደ መጣበት ጅማ ሲመለስ ለምና ተሳፈረች።

ጅማ ስትደርስ ፈተናው ከተጀመረ ቆይቷል። የበሩ ጥበቃ ጭቃ እስከ ጉልበቷ መድረሱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን ከተጀመረ በኋላ ሰው አታስገባ ተብያለሁ» አላት። አልተከራከረችም። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ሃሌሉያ ስትወጣ አየቻትና እዚያው አስፋልቱ ዳር አቅፋት አለቀሰች። ሀፍሳ አላለቀሰችም።

«ጥያቄዎቹን ንገሪኝ» አለቻት።

«አሁን?»

«አሁን፣ ሳትረሻቸው።»

ሃሌሉያ አጠገቧ ተቀምጣ ያስታወሰችውን ነገረቻት። ሀፍሳም ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን እንደ ጣቃ እየደረደረች፣ አንድ በአንድ መለሰች። ሲጨርሱ ሃሌሉያ «ታልፊ ነበር» አለች። ሀፍሳን ከበሩ ይልቅ ያቺ ቃል አመመቻት።

ሃሌሉያ አለፈች። ዝውውር አግኝታ ጅማ ገባች። ቅዳሜ ሲመጣ ሀፍሳ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አትከፍታትም። መጀመሪያ ሰሞን ሃሌሉያ የተማረችውን ሁሉ በድምፅ መልእክት ትልክላት ነበር፤ ውል ምንድን ነው፣ ውክልና ምንድን ነው። ሀፍሳ ደንበኛ ሲወጣላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። ትምህርቱን ሰምታ ስትጨርስ፣ ጓደኛዋ መሃል ላይ የሳቀችበትን ቦታ ብቻ ደግማ ትከፍታለች። ቀስ በቀስ መልእክቱ ሳሳ። ከዚያ «ላገባ ነው» የሚል መጣ።

የሃሌሉያን ቦታ የያዘው ያልታሰበ ሰው ነው። አንድ ቀን ጋሽ ሰማን መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ገለጡና፣ ፊደል እየቆጠሩ፣ ጥያቄ ያነቡላት ጀመር።

«ሱቁስ፣ አባ?» አለቻቸው።

«ሱቁ የእኔ ነው፤ ያንቺ ይሄ ነው። መልሺ።»

ሃሌሉያ ባገባች በዓመቱ ጋሽ ሰማን ሱቁን ዘግተው፣ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ጅማ ወሰዷት። ተፈተነች፤ አለፈች። ውጤቱን ስልኳ ላይ ስታይ ጋሽ ሰማን «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሲጮኹ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየ። እሷ ግን ደስታዋን ልትነግር የደወለችላት ሴት ያን ጊዜ ሐዋሳ ነበረች፤ ባሏን ተከትላ ትምህርቷን አቋርጣለች። አዲስ የተወለደው ልጇ ከጀርባ ያለቅሳል።

«አውቄው ነበር! እኔኮ አውቄው ነበር!» አለች ሃሌሉያ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ጠብቂኝ እሺ? ልጁ ትንሽ ጠንከር ሲልልኝ እመለሳለሁ።»

«እጠብቅሻለሁ» አለች ሀፍሳ።

አሁን ሀፍሳ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አርብ ከሶላት በኋላ ትሳፈራለች፤ እሑድ ማታ ቦንጋ ትገባለች። ክፍል ውስጥ ጎበዝ ከሚባሉት ናት፤ ሰዎች አብረን እናጥና ይሏታል፤ ታጠናለችም። ሆኖም መምህሩ የሚያስቅ ነገር ሲናገር ሃሌሉያ አጠገቧ ያለች ይመስል ሳታስበው ወደ ጎን ትዞራለች። እዚያ ያለችው ሩሀማ የምትባል ደግ ልጅ ናት፤ እሷም መልሳ ፈገግ ትልላታለች።