ከወንጌሉ ጀርባ የፋቅኋቸው ስሞች

ይህን የምጽፈው ንስሐ አባቴ ጻፍ ብለውኝ አይደለም። እሳቸውማ «የተናዘዝኸውን አትድገመው፤ እግዜር ሰምቶሃል» ብለውኛል። እግዜር መስማቱን አልጠራጠርም። ሰው ግን አልሰማም፤ እኔን የሚያሳፍረኝም ሰው ነው።

ያን ጊዜ በአንኮበርና በጣርማ በር መካከል ባለች አንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ነበርሁ። ድምፄ እንደ ነገሩ ነው፤ ጽሕፈቴ ግን በአገሩ የተመሰገነ ነበር። ያስተማሩኝ የኔታ ሲሞቱ ሰው ሁሉ «እጃቸው አልተቀበረም፤ ከእሱ ዘንድ ቀርቷል» አለልኝ። እውነት ነው፣ የእሳቸውንና የእኔን ጽሕፈት ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት የሚለይ አልነበረም። ይህን ሙገሳ እንደ ጮማ እየዋጥሁ ኖርሁ።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላ ነበር። መኳንንቱ ተከትለው ሄዱ፤ በየአገሩም አዲስ ሰው ይሾም ጀመር። ለእኛ አገር የመጣው ሹም ገና አቧራውን ሳያራግፍ አዋጅ አስነገረ፦ በአገልግሎቱ መሬት የተሰጠው ወታደር ሁሉ ማገልገሉን በጽሕፈት ያሳይ፤ ያላሳየ መሬቱን ይልቀቅ። ሳይዘምት ዘመትሁ እያለ መሬት የያዘ ብዙ ሰው እንዳለ ሰምቷል። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም።

ታዲያ በጥቅምት አንድ ጧት አንድ ሽማግሌ ወታደር ወደ ደጀ ሰላሙ መጣ። ከመዘዞ ወዲያ ነው የመጣው። ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም፤ ጋቢው ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ ሲያበቃ አጠገቤ ተቀመጠ።

«መሪጌታ፣ ስሜን ፈልጌ ነው የመጣሁ» አለኝ። «እዚህ ነው ያለው። ከወንጌሉ ጀርባ።»

ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ።

«ወሎ በተዘመተ ጊዜ» ብሎ ቀጠለ፣ «ጦሩ ሲሄድ እኛ ሠላሳ ሰዎች ጣርማ በርን ስንጠብቅ ቀረን። ሦስት ክረምት! ጉሙ እንኳን ጠላት የገዛ ጓደኛን አያሳይም። ስንሰናበት አለቃችን የሁላችንንም ስም ከዚህ ደብር ወንጌል ጀርባ አስጻፈልን። የኔታ ሲጽፉ ቆሜ አይቻለሁ። አሁን ሹሙ ያንን አምጣ አለኝ። ያለዚያ መሬቴን ለሌላ ሊሰጠው ነው። ከዚያች መሬት በቀር ሌላ ምን አለኝ?»

አልተሳሳተም። ሠላሳ ስም ነበር። እኔም አውቀው ነበር፤ የፋቅሁት እኔ ነኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት የአንኮበር ወይዘሮ፣ የውዳሴ ማርያም መጽሐፍ ጻፍልኝ፣ ለፋሲካ ይድረስልኝ ብላ አዘዘችኝ። ራስ ሳይጠና ጉተና ሆነና ነገሩ እሺ አልሁ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ብራና አጠረኝ። ፍየል ማረድ፣ ቆዳ መወጠር፣ መፋቅ፣ ማድረቅ የሳምንታት ሥራ ነው፤ ፋሲካ ደግሞ ደርሷል። ከደብሩ ወንጌል መጨረሻ ሁለት ቅጠል እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ሁለተኛው ላይ የወታደሮቹ ስም አለ። ባዶውን ቆርጬ ወሰድሁ። ጽፌ ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ የቀለሙ ቀንድ ተደፋበት። ተመለስሁና ሁለተኛውንም ቆረጥሁ። ስሞቹን በካራና በሻካራ ድንጋይ ስፍቅ «የእግዜር ቃል አይደለም፤ የጭፍራ ስም ነው» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ከቅጠሉ ይልቅ ይህቺ ቃል ናት እስከ ዛሬ የምታቃጥለኝ።

መጽሐፍ ሲያልቅ በመጨረሻው ላይ «የሰረቀ፣ የፋቀ የተወገዘ ይሁን» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ራሴ በስንቱ መጽሐፍ ላይ ጽፌዋለሁ። በዚያች ውዳሴ ማርያም ላይም በተፋቀው ቅጠል ላይ ያንኑ ጻፍሁት።

እንግዲህ ለሽማግሌው ምን ልበለው? ፋቅሁት ብል ከደብሩ እባረራለሁ፣ እወገዛለሁ፣ ስሜ ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ ሳስበው ፊቴ የሚግልበትን ነገር ተናገርሁ።

«አባቴ፣ እዚህ ወንጌል ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሌላ ደብር እንዳይሆን?»

ወንጌሉን አውጥቼ መጨረሻውን ገለጥሁለት። ማንበብ አይችልም፤ ባዶውን የድጉሱን የቆዳ ልባስ በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ዳሰሰው።

«እዚህ መስሎኝ ነበር» አለ። «እርጅና ነው መቼም።»

አብሬዎት ልፈልግ ያልሁት እኔው ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ከመባረር የሚያድነኝ መስሎኝ ነው፤ አብሮ የሚፈልግን ሰው ማን ይጠረጥራል? መጀመሪያ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። ካህናቱ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ያላቸውን መጽሐፍ ሁሉ አወጡልን። እኔ እያንዳንዱን ቅጠል አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ስገልጥ ዋልሁ። ሽማግሌው ትንፋሹን ውጦ ፊት ፊቴን ያየኛል። ቅንድቤ ከፍ ባለ ቁጥር «አገኙት?» ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ቅንድቤን ማንሣት ተውሁ።

ከዚያ ወደ አንኮበር ግምጃ ቤት ወጣን። ጠባቂው ሁለት ቀን ደጅ አስጠንቶን ከገባን በኋላ ያገኘነው የማር ግብርና የኮርቻ ዝርዝር ነበር። በመንገዱ ሁሉ የመጽሐፍ ማኅደሬን የሚሸከመው እሱ ነው። እምቢ ስለው «የተማረ ሰው እንዴት ይሸከማል!» ብሎ ይቆጣኛል። በሶውን ሲበጠብጥ ለእኔ ወፍራሙን ይሰጠኛል፤ ለራሱ ውኃ ውኃውን ያስቀራል። እየበላሁ አፍራለሁ፤ እያፈርሁም እበላለሁ።

ሲሄድ ደግሞ ጓደኞቹን ያነሣል። የአሥሩን ስም ያስታውሳል፤ ሌሎቹን የሚያውቃቸው እርስ በርስ በተጠራሩበት የማሾፊያ ስም ብቻ ነው። አንደኛው በእንቅልፍ ልቡ ፎክሮ ጦሩን ሁሉ ከእንቅልፉ አስነሥቷል። አንደኛው የንጉሡን በግ በልቶ ጅብ በላው ብሎ ምሎ ሰባት ዓመት ጾሟል። ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሁሉም ሞተዋል ይላል። «እኔ ነኝ የቀረሁ፤ እኔና ያ ጽሑፍ።»

ከአንኮበር ስንመለስ ቁልቁለቱ መካከል ድንገት ቆመ።

«መሪጌታ፣ ከእንግዲህ ይብቃዎት» አለ። «ሌሊት ሳስበው ነበር። ምናልባት እኔ ራሴ... ሌላው ዘምቶ ሲያወራ ሰምቼ ይሆን እንዴ? ሰው ሲያረጅ የሰማውን እንዳየው ያደርጋል ይባላል።»

ይህን ያለው ሁለት ጣቱን ለዚያ በር የሰጠ ሰው ነው። መሬቱን ልቀማው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አሁን ደግሞ ዕድሜውን ቀማሁት። እዚያው ተንበርክኬ እግሩን ይዤ ብናገር ደግ ነበር። ግን «ደክሞዎት ነው አባቴ» አልሁት። «እስቲ የእኛን ወንጌል እንደገና ልየው፤ ምናልባት ከድጉሱ ሥር የተጣበቀ ቅጠል ይኖር ይሆናል።»

አምላኬ፣ የፊቱን መብራት አልረሳውም።

ሽማግሌውን ወደ ቤቱ ሰደድሁና ሥራዬን ጀመርሁ። ያረጀ ብራና ከአንድ አሮጌ ጥራዝ አገኘሁ፤ ጭስ ላይ ሰቅዬ አጠቆርሁት። ቀለሙን አቀጠንሁት። ጽሕፈቱስ? የየኔታ እጅ ከእኔ ዘንድ ቀርቷል ተብሎ የለም? የእሱን ስም ጻፍሁ። የነገረኝን የአሥሩን ስም ጻፍሁ። ሠላሳ መሙላት ስላለበት ለቀሩት ዐሥራ ዘጠኝ ገብረ የሚል፣ ወልደ የሚል ስም እየፈጠርሁ ደረደርሁላቸው። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም። ሰፍቼ ከወንጌሉ ጋር ሳጋጥመው እንዲያውም ደስ አለኝ። ለሽማግሌው ዕዳዬን የከፈልሁ መሰለኝ። ማንን ጎዳሁ? ጓደኞቹ ሁሉ ሞተዋል።

ጽሕፈቱ ተገኘ ብዬ ካስታወቅሁ በኋላ ለፍርድ የተቀጠረው ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሳምንት ነበር። ሹሙ ከደጀ ሰላሙ ፊት ተቀመጠ፤ አገሩም ተሰበሰበ። ወንጌሉን ይዤ ወጣሁ። ሹሙ «ይህ ቅጠል ከጥንት ከዚህ መጽሐፍ ያለ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነው አልሁ። ማል አለኝ። በዚያው ወንጌል ላይ እጄን ጭኜ ማልሁ።

ማንበብ ጀመርሁ። የራሱ ስም ሲደርስ ሽማግሌው ብድግ ብሎ እንደ ወጣት ወታደር «አቤት!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሹሙም ሳቀ። ሽማግሌው ግን እያለቀሰ ነበር። ሠላሳውንም አንብቤ ጨረስሁ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አለ ሹሙ። «መሬትህ የራስህ ነው። ከእንግዲህም ስለ ጣርማ በር የሚከራከር ቢኖር ዳኛው ይህ ጽሕፈት ነው። እዚህ ያለ ዘምቷል፤ የሌለ አልዘመተም።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ኃጢአቴን ይዤ በደኅና እሞት ነበር። ግን ከሕዝቡ ኋላ አንዲት ሴት «ጌታዬ፣ እኔም አለሁ» አለች። ከደነባ በኩል ነው የመጣችው፤ እግሯ ሁሉ አቧራ ነው። ባሏ በሩን ከጠበቁት አንዱ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። መሬቱን ይዛ የኖረችው እሷ ናት፤ እሷንም ልቀቂ ብለዋታል። ጽሕፈቱ ተገኘ ሲባል ሰምታ ሦስት ቀን ተጉዛ መጥታለች።

«መሪጌታ፣ የእሱን ሲያነቡ አልሰማሁም» አለችኝ። የክርስትና ስሙን ነገረችኝ። «ርቄ ቆሜ ይሆናል ያልሰማሁ። አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

ደገምሁ። ምን ላደርግ? እያንዳንዱን ስም ቀስ ብዬ አነበብሁ። አጠገቤ ቆማ ከንፈሬን ታያለች። እኔ የፈጠርኋቸው ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንድ በአንድ አለፉ፤ ባሏ ከመካከላቸው የለም።

ሽማግሌው ወታደር ተነሣ። «እናቴ፣ ግራ እግሩን ይስብ የነበረ፣ ጢሙ ቀላ ያለ ነው?» አላት። «አዎ፣ እሱ ነው!» አለች። ሽማግሌው ወደ ሹሙ ዞሮ «ጌታዬ፣ ከእኛ ጋር ነበር። የክርስትና ስሙን አላውቅም እንጂ ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ጠመንጃዬ ፈንድቶ ጣቶቼ ሲሄዱ መቀነቱን ቀዶ ያሰረልኝ እሱ ነው» አለ።

«ጽሕፈቱ ዋሽቷል ልትል ነው?» አለው ሹሙ። «ጽሕፈቱ ከዋሸ ያንተም ስም ያለው እዚያው ላይ ነው። ምረጥ።»

ሽማግሌው ወንጌሉን አየ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ያወቀ ይመስለኛል። ሁሉን ባይሆን እንኳ አንድ ነገር አወቀ። ፊቱን መለሰና ተቀመጠ፤ ሦስቱን ጣቶቹን ጋቢው ውስጥ ከተታቸው።

መናገር ነበረብኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ከተናገርሁ ሁለቱም ይጠፋሉ ብዬ ራሴን አሳመንሁ፤ እኔም እጠፋለሁ ማለቴን ግን ደብቄ አለፍሁት። ሹሙ «የለም» ብሎ ፈረደባት።

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ መጣችና በእጄ ያለውን ወንጌል ጎንበስ ብላ ተሳለመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ መሪጌታ» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ።»