ያላነበብኩት ቱቦ

በከሚሴ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ዶክተር ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም። ላምና ጊደር በሰው ሰራሽ መንገድ የማዳቅል ቴክኒሻን ነኝ፤ የተማርኩትም ጥቂት ወራት ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ አርማቸው ነበር። ኋላ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ጀመር።

ሥራዬ በአንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የቆመ ነው። ውፍረቷ ከእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ያንሳል፣ ርዝመቷም ስንዝር አይሞላም። በውስጧ የኮርማ አባለዘር አለ። እጅግ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክራ ትቀመጣለች፤ እኔም የናይትሮጅኑን ዕቃ ከሞተር ሳይክሌ ኋላ አስሬ የጨፋን ሜዳ እዞርበታለሁ። «ላሜ ኮርማ ፈለገች» ተብሎ ሲደወልልኝ እሄዳለሁ፤ ቱቦዋን በመቆንጠጫ አወጣለሁ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቀልጣታለሁ፣ እጠርጋታለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራ ነው። ከመጥረግና ከሥራው መካከል ግን አንድ ነገር አለ፤ ማንበብ። ቱቦዋ ላይ የኮርማው ቁጥርና ዝርያ ተጽፏል። የትልቁም የትንሹም ኮርማ አባለዘር ለዓይን አንድ ነው። የማን እንደሆነ የሚናገረው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ቀድሞ ጽሑፉ በቀለም የታተመ ነበር። ውርጩ ሲይዘው፣ እኛም ስንጠርገው ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ደግነቱ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ቱቦዎች በመልካቸው ይለያዩ ስለነበር ብዙዎቻችን ጽሑፉን ትተን መልኩን እናይ ነበር። ቢጫው የትንሹ የውጭ ዝርያ የጀርሲ፣ ግራጫው የትልቁ የሆልስታይን። እንደዚያ ስንሠራ ዓመታት አለፉ፤ ደህና ነበርን።

ከዚያ ለስልጠና ተጠራን። አንዲት ወጣት ባለሙያ አዲሶቹን ቱቦዎች አሳየችን። ከእንግዲህ ጽሑፉ በሌዘር ነው አለች፤ ቀጭን ብርሃን ፕላስቲኩን ሳይበሳ ላዩን አጥቁሮ ፊደሉን ያስቀርበታል። በአልኮል ቢታሽ፣ በጥፍር ቢፋቅ አይለቅም። «ስለዚህ መልኩን አትመኑ» አለችን። «ቢጫ ቱቦ ውስጥ የየትኛውም ኮርማ ሊመጣ ይችላል። አንብቡ።» አንዲቱን ቱቦ እያዟዟረች በየተራ አስነበበችን። እኔ ጋ ስትደርስ የታየኝ አንድ ጥቁር ጭረት ብቻ ነበር። ከኔ በፊት የነበረው ጓደኛዬ ጮክ ብሎ ስላነበበው እሱ ያለውን ደገምኩላት። «ትክክል ጋሼ» አለችኝ። ልጄ የምታክል ሴት ዓይኔ እያየ ዋሽቻት ትክክል ስትለኝ ማፈር ሲገባኝ እፎይ አልኩ።

መነጽር አጥቼ አይደለም። ባቲ ገበያ ሄጄ ገዝቼ ነበር፤ ከሚሴ ስገዛ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ። አንድ ቀን መንደር ውስጥ ባጠልቀው አንድ ሽማግሌ «ዶክተር፣ ላሚቱንና በሬውን ለይተህ ነው ወይስ እንዳገኘህ ነው የምታዳቅለው?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መነጽሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደረት ኪሴ አልወጣም። ሙቀት ነው፣ ላቡ ያንሸራትተዋል፣ አንድ እጄ እስከ ትከሻዬ ጓንት ውስጥ ነው፤ ለሚጠይቀኝም ለራሴም ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

በቦርከና ወንዝ በኩል ባለ አንድ መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በዕድሜ አስር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች፤ እታለም እላታለሁ። ከብት የምትለው አንዲት ጊደር ብቻ ነበራት። ቀይ፣ አጭር፣ የአገር ዝርያ። ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጇ ሣር እያጨደች ያሳደገቻት ናት። እሷ ወልዳ ቤቷ ወተት እስኪያይ ቀን የምትቆጥር ሴት ነበረች።

በዘመቻው ቀን አመጣቻት። ዘመቻ የምንለው የአንድ ቀበሌ ከብት ሁሉ በአንድ ቀን ኮርማ እንዲፈልግ ቀድመን መርፌ ወግተን፣ ከዚያ በሰልፍ የምናዳቅልበት ቀን ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«አከም ቡልቴ ዶክተር» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለችኝ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ እታለም። አልሐምዱሊላህ።»

«የኔዋ ትንሽ ናት፤ እያት እስቲ። ትልቁን ኮርማ እንዳታደርግባት።»

ልክ ነበረች። ለትንሽ ጊደር የትልቁ የሆልስታይን ዘር አይሰጥም፤ ጽንሱ ይገዝፍና መውለጃ ያጣል። ጀርሲ ግን ራሱ ትንሽ ነው። «አብሽሪ፣ ለሷ ጀርሲ ነው» አልኳት። ቢጫ ቱቦ አወጣሁ።

«ጽሑፉን አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

መነጽሩ ደረቴ ላይ ነበር። ለማውጣት ጥቂት ሰከንድ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን እኚያ ሽማግሌ ሰልፉ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እዚያ አገር ባለቤቱ ባዶዋን ቱቦ ተቀብሎ የበረቱ ግድግዳ ጭቃ ውስጥ ይሰካታል። የጥጃው የአባት ወረቀት ናት ይላሉ፤ እስኪወለድ ድረስ የሚነካት የለም። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ አዳቃይ ሁሉ ግን ቱቦውን ሳይሰጥ ከሄደ ይጠሩታል። እሷም ቱቦዋን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ጊደሯን እየነዳች ሄደች።

ጊደሯ ያዘች። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እያየሁ እመክር ነበር። «ፉርሽካ ጨምሪላት፣ የማሽላ አገዳ ብቻውን አይበቃትም» እላታለሁ። ከራሷ ጉሮሮ እየቀነሰች ጨመረችላት። ጊደሯ አማረባት፤ ጎረቤቶቿም አደነቁላት።

የወለደች ዕለት የማለዳው ሱብሂ እንደተሰገደ ስልኬ ጠራ። ስደርስ ጊደሯ በጎኗ ተኝታ ታቃስታለች። ሁለት የጥጃ ሰኮናዎች ወጥተዋል። ወፍራም ናቸው፣ ከላያቸው ያለው እግርም ጥቁርና ነጭ ነው። ጀርሲ እንዲህ ያለ እግር የለውም። የሆልስታይን መሆኑን ያኔውኑ አወቅሁ።

እውነተኛው የእንስሳት ሐኪም ሌላ ወረዳ ሄዶ ስለነበር በስልክ እየነገረኝ ሠራሁ። ከጎረቤት ወንዶች ጋር በገመድ እየሳብን የቀትሩ ዙሁር ደረሰ። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር፤ ከእናቱ ጋር ሲተያይ ከሷ ሆድ የወጣ አይመስልም። እሷ ደግሞ የኋላ እግሯን ማዘዝ አቃታት።

እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ በረቱ ገባሁ። ቱቦዋ ከበሩ በላይ ጭቃው ውስጥ ተሰክታ ነበር። ነቀልኳት፣ ዘወር ብዬ መነጽሬን አጠለቅሁ፣ አነበብኩ። ሆልስታይን ይላል፤ የኮርማው ቁጥርም አለ። ሁሉም ፊደል ጥርት ብሎ። ዘጠኝ ወር ጭስና አቧራ በልቶት ምንም አልሆነም። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ፋቅሁት። አልለቀቀም። ኪሴ ከተትኳት፤ ስመለስም ድልድዩ ላይ ሞተሬን አቁሜ ቦርከና ውስጥ ወረወርኳት። እንግዲህ የሰው ማስረጃ ሰርቄ አጥፍቻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቴ የሰው ነገር አንስቼ አላውቅም ነበር።

ይህም ሁሉ ሆኖ ከዚህ የባሰው ከበረቱ ስወጣ የሆነው ነው። እታለም ጊደሯ ራስጌ ተቀምጣ አንገቷን ትዳብሳለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ፉርሽካው ነው አይደል ዶክተር? አብዝቼባት ነው። ጥጃው በሆዷ የወፈረው በኔ ስስት ነው።»

አላህ መውጫ ሰጥቶኝ ነበር። «አይደለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብል ያልቅ ነበር። ወንዶቹ ገመዱን ይዘው ቆመው ያዳምጣሉ። ሽማግሌውም አሉ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ውሃ አቅርባ ታጠብ አለችኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለለፋሁትም ዱዓ አደረገችልኝ። አሚን አልኩ። አሚን ያልኩበት አፌ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ጊደሯ በሦስተኛው ቀንም አልተነሳችም። ሳትሞት ቢስሚላህ ተብሎ ታረደች፤ ጎረቤቱም እንደ ደንቡ ገንዘብ አዋጥቶ ሥጋውን ተከፋፍሎ ጉዳቷን ተጋራ። ለኔም ድርሻ ላከችልኝ፤ ያውም ከጥሩው። ባጃጅ ነው ያመጣልኝ። ሚስቴ ሠርታ አቀረበች፤ አሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። «ምን ነካህ፣ ላንተ ብላ የላከችውን» አለችኝ ሚስቴ። 

ከዚያ ወዲህ መነጽሬን ሰው ፊት አደርጋለሁ። ቱቦዋንም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ባለቤቱ እንዲደግምልኝም አደርጋለሁ። ቢሮ ውስጥ ጠንቃቃ ተብዬ ተመስግኜበታለሁ። በዚህ ይካካሳል ብዬ ሳስብ ቆየሁ። በዚያ መንደር የሚያልፈውን መንገድ ግን ዞሬ እሄድ ነበር።

በዓመቱ ከዚያው ቀበሌ አንድ ቤት ተጠራሁ። ላም ወልዳ ጥጃው መቆም አቅቶታል። ሳያት ላሟ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል፤ ጡቷ ውስጥ ወተት የለም። የቤቷን እመቤት ተቆጣኋት። «እርጉዝ ላም እንዲህ ታስርባላችሁ? መኖ ጠፍቶ ነው?»

«ኧረ መኖውስ ሞልቷል» አለችኝ ደንግጣ። «እርጉዝ ላም ካበሏት ጥጃው ገዝፎ ይገድላታል ብለውን እኮ ነው። እታለም ጊደሯን እንዲያ ገድላ የለ? ለሴቱ ሁሉ እየዞረች በኔ የደረሰ አይድረስባችሁ እያለች ነው የምትመክር። ዶክተርም ብሏል አለችን። አንተ ነህ አሉ ያልክ።»

ጥጃው ማምሻውን ሞተ። ያን ጊዜ ጥፋቴ በጊደሯ ሞት እንዳላበቃ ገባኝ። ሁለት ቃል ብቻ ተናግሬ መንደሩን ሙሉ ሳስርብ ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ሄድኩ። እታለም ለሰው ከብት ሣር እያጨደች አገኘኋት። የራሷ ስለሌላት ለጎረቤት ታጭዳለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቢጫውን ቱቦ፣ መነጽሩን፣ ከበረቷ የነቀልኩትን፣ ድልድዩን። «ፉርሽካው አይደለም። ደግ አድርገሽ ነው የመገብሻት። የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

ማጭዷን አስቀመጠች። 

«ሱጁድ ላይ ሆኜ ያ ረቢ ስስቴን ማረኝ ስል ዓመት ሞላኝ» አለች። «ላልሠራሁት።»

«አፉ በይኝ እታለም፣ ይቅር በይኝ።»

«መጀመሪያ ሴቶቹን እጠራልሃለሁ። ለኔ ያልከውን ለነሱም ትላለህ።»

ጠራቻቸው። አሥራ ምናምን ሴቶች ከዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ወንዶችም ቆመው አዳመጡ። ቆሜ ተናገርኩ።  ስጨርስ ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ አንዷ «እና አሁን ፉርሽካ ስንት ስንት እንስጥ?» አለችኝ። ነገርኳት። የላሟ ጥጃ የሞተባት ሴትዮ ግን ተነስታ ሄደች።

ሁሉም ሲበተን እታለምን እንደገና አፉታ ጠየቅኋት።

«ጊደሯን አፉ ብዬሃለሁ» አለችኝ። «ዓይን ይሳሳታል፤ እሷም የአላህ ነበረች። እኔ ራሴን ስረግም አጠገቤ ቆመህ እየሰማኸኝ፣ ዱዓዬንም ተቀብለህ የሄድከውን ግን አልቻልኩም ወንድሜ። እሞክራለሁ።»

ማጭዷን አንስታ ወደ ሣሯ ተመለሰች።

አሁንም በዚያ መንደር እሠራለሁ። ስንገናኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ስለ ልጆቼም ትጠይቀኛለች። የቀረውን አፉታ ግን እስካሁን አልሰጠችኝም፤ እኔም ሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ አፍሬ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ።