ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳት። አሁን የምጽፈውም ስለጨነቀኝ ብቻ አይደለም፤ ስለመረረኝ ጭምር ነው። እነዚህ ስለ ባህል እናጠናለን የሚሉ ልጆች ካሜራቸውን አንጠልጥለው ከወረዳችን ከተማ ከመካነ ሰላም እየመጡ መቀመጫ አሳጡኝ። የድሮውን እስር ቤታችንን "ታሪካዊ ቅርስ ነው" ይላሉ። ምኑ ነው ቅርሱ? በጭቃ ሹም ዘመን በድንጋይ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው ክብ ጎጆ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር በሩ ብቻ ይቀየር ነበር እንጂ ሥራው ያው ነበር፤ ከሰፈራችን የተያዘ ሰው መካነ ሰላም የሚወስደው መኪና እስኪመጣ እዚያ ይቆለፍበታል። የመጨረሻው ቁልፍ ያዥ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ "አያ ይመር፣ እስኪ ያጫውቱን" ይሉኛል። ምኑን ላጫውታቸው?

ሰይድን የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። ሰይድ ጎረቤቴ ነው። በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ ሰው በዱላ መታ፤ ተያዘ፤ አስገባሁት። እስከዚህ ያለው ሥራዬ ነው፤ አልጸጸትበትም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን እናቱ እትዬ ዘሀራ አረፉ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ወንድምም የላቸው። በእኛ ደንብ ሬሳ አያድርም፤ ሴትን ደግሞ መቃብር የሚያወርዳት የቅርብ ሥጋዋ ነው። ሬሳችንን የሚያነሳው ማኅበራችን ቅሬው ነውና የቅሬው ሽማግሌዎች መጡ። ቅሬው ዋስ ከሆነ እስረኛ ወጥቶ ቀብሮ ይመለሳል፤ ከድሮም የነበረ ነው። እባክህ እንኳ አላሉኝም። "በል ክፈት" ነው ያሉኝ።

ይቺ "በል ክፈት" ናት ያነደደችኝ። ከዚያ ቀደም በእነሱ ዋስትና ለሠርግ የለቀቅኩት ሰው ዓባይ በረሃ ገብቶ ቀርቶ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በሰው ፊት እንደ ልጅ ሲቆጣኝ አንዳቸውም አልተነፈሱልኝም። እና ተናደድኩ። መካነ ሰላም ያሉትን አለቆች ደውዬ ሳልጠይቅ አልከፍትም አልኩ። ኔትዎርክ የሚገኘው ከሰፈሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ወጣሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደገንኩ። አልደወልኩም። ለማንም አልደወልኩም። እጄን እያወናጨፍኩ "ኧረ ባክዎ ጌታዬ፣ እናቱ ናቸው" አልኩ፣ ለባዶ ስልክ። ከታች ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ሰይድም በበሩ ስንጥቅ ያየኛል። ወርጄ "ከለከሉ" አልኩ። ለውሸት እንዲህ የሚለፋ ምን ዓይነት ሰው ነው? ተናድጃለሁ፣ አልከፍትም ብል ምን ነበረበት?

ጀናዛው ወጣ። እኔም ተሸከምኩ። መቃብሩ አፋፍ ላይ ሸህ እንድሪስ ማን እንደሚያወርዳቸው ጠየቁ፤ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ እኔ ገባሁ። እትዬ ዘሀራን በእጄ ተቀብዬ አስተኛኋቸው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ታፋዬን ይወጋኛል። ያኔ እንኳ ሮጬ ብከፍትለት ይደርስ ነበር። አልሮጥኩም። ለምን? ዋሽቻለሁና፤ ከነውሸቴ መታየት አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ይብሳል። ሰይድ ያመሰግነኛል። "አንቱ ለምነውልኛል፤ እናቴንም አንቱ አወረዱልኝ" እያለ ለዒድ ሥጋ ይልካል፤ ሳልጠራው መጥቶ ማሳዬን ያርማል። ተው ብለው አይተውም። በተደረገልኝ ደግነት የምበሳጭ እኔ ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ? ወደ አላህ ተመልሼ ተውበት አድርጌያለሁ። የሰው ሐቅ ግን በዚያ አይወርድም፤ ባለቤቱ የተበደለውን ካላወቀ ምኑን ይቅር ይላል?

ባለፈው ሳምንት እነዚያ ልጆች ሰይድን በሩ ላይ አቁመው ቀረጹት። እሱም እኔን እያሳየ ስለ ልመናዬ ነገራቸው። ልጆቹ ቀረጻውን ተደስተው ወሰዱ፤ እንግዲህ ደጉ ቁልፍ ያዥ ተብዬ ልታይ ነው። ይህን የምጽፈው ያንን ስም ለማፍረስ ነው። ልጆቹ ሲሄዱ እዚያው በሩ ላይ ለሰይድ ሁሉንም ነገርኩት። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

"ታዲያ ያን ቀን ማንን ነበር የሚለምኑት?" አለኝ።

"ማንንም" አልኩት።

ተነስቶ ሄደ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልለው ነበር፤ አላልኩትም። ምን ብዬ? እናትህን የምትቀብርባት አንዲት ቀን ነበረችህ፤ እኔ ተናድጄ ስለነበር ቀረችብህ ልበለው? ከዚህ የተሻለ ምክንያት እስካሁን ስፈልግ ኖሬያለሁ። የለኝም።