«ጥፋት» ያላለችው አስተርጓሚ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ገደል ማሚቶ» ይሏታል፣ ሲያሳጥሩት ደግሞ «ማሚቶ»። ሌላው ያለውን ደግማ ስትል እንጂ የራሷን ስትናገር ሰምቶ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስተርጓሚ ናት። ሁለት ባለሥልጣናት ሲነጋገሩ በመካከላቸው፣ ትንሽ ወደ ኋላ በተሳበች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እነሱ ሲበሉ አትበላም፤ ሲስቁ ግን ሁለት ጊዜ ትስቃለች፤ አንዴ ቀልዱን ስትሰማው፣ አንዴ ስታሰማው።

የጎረቤት አገርን ቋንቋ ያስተማረቻት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስትየዋ ደግሞ ቋንቋውን ያገኘችው በክፉ ቀን ነው። ገና ልጅ ሳለች የጎረቤት አገር ወታደሮች ወንዙን ተሻግረው ከተማቸው ገቡ። ያገኙትን ሰው ሰብስበው ወንዝ ዳር ባለው የእህል መጋዘን ዘጉበትና በመስኮት ተኮሱበት። እሷ በባዶ ጆንያ ክምር ሥር ገብታ ተረፈች። እናትና አባቷ፣ ወንድሞቿም፣ እዚያው ቀሩ። ከቤተሰቡ የተረፈች ሌላ ሰው ብትኖር፣ ቀደም ብላ ሌላ ከተማ ተድራ የሄደች ታላቅ እህቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም የማሚቶ እናት ናት።

ልጅቱን ከጆንያው ሥር ጎትታ ያወጣቻት ከወዲያ ማዶ የመጣች፣ የወታደሮቹን ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። በአጠባ ቅርጫት ደብቃ አሻገረቻትና ድንበሩ እስኪከፈት ድረስ እንደ ልጇ አሳደገቻት። ስለዚህ አክስትየዋ እስከ ዛሬ «ገዳዮቼም አዳኜም የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋው ምን በወጣው!» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት በመንግሥት ላይ ተተካ። አንዱም ግን መጋዘኑ በር ላይ አንዲት ድንጋይ እንኳ እንድትቆም አልፈቀደም። «ጎረቤትን ማስቀየም ይሆናል» ይባል ነበር። መጋዘኑም የሲሚንቶ ማከማቻ ሆኖ ቀረ። የሟቾቹ ዘመዶች በየዓመቱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያለቅሳሉ፤ ዘበኛውም እያፈረ «እባካችሁ ቶሎ በሉ፣ አለቆቼ እንዳያዩኝ» ይላቸዋል።

እንዲህ እያለ የኤሌክትሪክ ጉዳይ መጣ። አገሩ መብራት አልበቃው ብሏል፤ ጎረቤት አገር ደግሞ የሚሸጠው ተርፎታል። የማሚቶ ታናሽ እህት አዋላጅ ናት፤ መብራት እየጠፋባት በስልክ ብርሃን ሕፃን ተቀብላ ታውቃለች። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ልዑካን መጥተው ስምምነቱን ሊፈርሙ ነው ሲባል ማሚቶ ከልቧ ደስ አላት።

በስብሰባው ዋዜማ የክፍል ኃላፊዋ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሥራ ብዛት ፀጉሩን ያሸበተ፣ ለሠራተኛው የሚሟገት ሰው ነው።

«ነገ ያ የመጋዘኑ ነገር እንዳይነሣ ተስማምተናል» አላት። «ግን የሰው አፍ አይታመንም። አንዱን አዳልጦት ካነሣው፣ ‹የደረሰው ጥፋት› በይና እለፊው።»

ማሚቶ ቃሉን በልቧ አገላበጠችው። ጉደኛ ቃል ነው። ጎርፍም ጥፋት ያደርሳል፤ ሰውም ጥፋት ያጠፋል። የፈለገ መቅሠፍት ነው ብሎ ይሰማዋል፣ የፈለገ ወንጀል። ሁሉንም የሚያስደስት፣ ማንንም የማይጠይቅ ቃል!

«ጭፍጨፋ እኮ ነው» አለች።

«መሆኑ መቼ ጠፋኝ፣ እህቴ? ግን ሙታን ይታገሣሉ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ መድኃኒት አይታገሥም። መስመሩ ይዘርጋ፣ ሌላው ይደርሳል።»

«ይደርሳል ሲባል አክስቴ አረጀች።»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ ቦታ ሆነሽ ከሁለት አንዱን ምረጪ ብትባዪ፣ የቱን ትመርጫለሽ?»

በስልክ ብርሃን ያጎነበሰች እህቷ በዓይኗ መጣችባት።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ አክስቷ ዘንድ ሄደች። አክስትየዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የመጋረጃ ጠርዝ ትሰፋለች። ማሚቶ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችላት። አሮጊቷ ትቆጣለች ብላ ነበር የጠበቀችው።

«መብራቱማ ይምጣ!» አለች አክስትየዋ። «ሕፃን በጨለማ ቢወለድ ለወንድሞቼ ምን ይጠቅማቸዋል?»

«ታዲያ ‹ጥፋት› ልበል?»

«አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው ቃል የምትመርጪላቸው?» መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ያሳደገችኝ አጣቢ እንዲህ ትል ነበር፦ የሰው ልብስ ተቀብለሽ ስትመልሺ አዝራር እንዳይጎድል፣ አዝራርም እንዳይጨመር። ጭፍጨፋ ካላሉ አትጨምሪባቸው፤ ካሉ ደግሞ አትሸርፊባቸው። የሰጡሽን መልሺ።»

«ከሥራ ቢያባርሩኝስ?»

«መጥተሽ አብረሽኝ መጋረጃ ትሰፊያለሽ። እስከ ዛሬ ስፌትሽን እንዳየሁት ከሆነ ግን፣ ሁለታችንም በረሃብ ማለቃችን ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ልዑካኑ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። መሪያቸው ፀጉሯ የነጣ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ የኤነርጂ ሚኒስትር ነበረች። ስለ ምሰሶ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጥገና ተነጋገሩ፤ ማሚቶም እንደ ወትሮዋ ከወዲህ ወዲያ አመላለሰችው። ሁሉም በሰላም አልቆ እስክሪብቶ ሲቀርብ፣ ሴትየዋ እጇን ሰብሰብ አድርጋ በራሷ ቋንቋ ጥቂት ተናገረች። ማስታወሻ አላየችም፤ የሷው ረዳቶች እንኳ ቀና ብለው ተያዩ።

ማሚቶ ሰማች። ኃላፊው ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ጉንፋን እንዳልሆነ ታውቃለች። «ጥፋት» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ቀርባ ቆመች፤ ቀላል ናት፣ ለስላሳ ናት፣ ማንም አይከሳትም። ወዲያው ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ከአጥር ውጭ ለሚያለቅሱት ሰዎች የመጣ ዕቃ በእጇ ላይ እንዳለ ተሰማት። የሷ አልነበረም፤ ልትቀንስለት አትችልም።

«ክብርት ሚኒስትር እንዲህ ይላሉ» ብላ ጀመረች። «‹የተወለድኩት ከወንዙ ማዶ ነው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ወታደሮቻችን በዚያ መጋዘን የፈጸሙት ጦርነት አልነበረም፤ ጭፍጨፋ ነበር። መንግሥቴ ይህን በወረቀት እንዳሰፍረው አልፈቀደልኝም። በአፌ እንዳልናገረው ግን አልከለከለኝም።›»

ከጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጠው የማሚቶ አገር ሚኒስትር፣ ግዙፍ ሰው፣ ወደ እሷ ዞረ።

«እንዲህ ነው ያሉት?»

«አዎ፣ ክቡር ሚኒስትር። ያሉትን ነው ያልኩት።»

ከፊቱ «ያለፈውን ለታሪክ ትተን» ብሎ የሚጀምር ንግግር ተዘጋጅቶለት ነበር። ወረቀቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። ሲናገር ቃሉን ከሩቅ ጉድጓድ እየቀዳ የሚያወጣ ይመስል ነበር።

«እኛ እናንተን እንዳናስቀይም ብለን ለቅሶ የከለከልነው የገዛ ሕዝባችንን ነው። ይህንንም ተርጉሚላቸው።»

ተረጎመችው። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ፈረሙ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። በጋራ መግለጫው ላይ የወጣው «በጥንቱ አሳዛኝ ክስተት ላይ ሐሳብ ተለዋውጠዋል» የሚል ብቻ ነበር። ማሚቶም ለጊዜው ከትልልቅ ስብሰባዎች ገለል እንድትል ተደርጋ የትራንስፎርመር መመሪያ ትተረጉም ጀመር። «አሁንስ ብሎንና ዘይት ብቻ ነው የማናግረው» እያለች እህቷን ታስቅ ነበር። ከወዲያ ማዶም ያቺን ሚኒስትር ከሥልጣን ሊያወርዷት ነው ተባለ። ጋዜጦቻቸው ተቧድነው ተሰዳደቡ። ግን አልወረደችም፤ ስድቡም ቢሆን ስለ መጋዘኑ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የተፈራው ጎርፍ አልመጣም፤ ምሰሶዎቹም መተከላቸውን ቀጠሉ።

መስመሩ ወንዙን ከመሻገሩ በፊት የሲሚንቶው ጆንያ ከመጋዘኑ ወጣ። መንግሥት በሩ ላይ ድንጋይ እንዲቆም ፈቀደ፤ «እዚህ የተጨፈጨፉ ወገኖቻችን» ይላል። በተከፈተበት ቀን ከወዲያ ማዶም ሰዎች በአውቶቡስ መጡ፤ ማንም ያላዘዛቸው፣ የት እንደሚቀመጡ እንኳ ያልገባቸው ሰዎች። የሟቾቹ ዘመዶች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ ጠጋ አሉላቸው።

አክስትየዋ ማሚቶን ተደግፋ ገባች። ዙሪያውን አየችና «ጠባብ ኖሯል፤ እኔማ ዳርቻ የሌለው ነበር የሚመስለኝ» አለች። አንድ ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ይዞ ሲጠጋት፣ «ይቅርታ፣ ልጄ፣ ዛሬ ወንድሞቼን ላናግር ነው የመጣሁት» ብላ አለፈችው። ከግድግዳው ጥግ ወንበር ቀርቦላት እንደ ልቧ አለቀሰች። ማንም ቶሎ በይ አላላትም።

በሳምንቱ ኃላፊው ወደ ማሚቶ ጠረጴዛ መጣ። ቆሞ ትንሽ አመነታ።

«ሁለቱ አገሮች የመጋዘኑን ነገር የሚመረምር የጋራ ኮሚሽን አቋቁመዋል። ሌላ አስተርጓሚ ልልክ ነበር» አላት፤ «ከወዲያ ያሉት ግን ያቺ ሴት ካልሆነች አሉ። በሷ በኩል ያለፈ ቃል አይሸረፍም አሉ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔማ የዚያን ቀን ጉሮሮዬን በከንቱ አቆሰልኩ አልኩ።» ሁለቱም ሳቁ።

በኮሚሽኑ የመጀመሪያ ስብሰባ «ካሳ» በሚለው ቃል ላይ ገና ከማለዳው ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ «ካሳ» ይላል፣ ሌላው «ድጋፍ» ይበቃል ይላል፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ይደበድባል። ማሚቶ በልቧ ይህ እንኳ ቀላል አይሆንም አለች። ቢሆንም ደስ አላት፤ አሁን የሚጣሉት ምን ተፈጸመ በሚለው ሳይሆን ምን ይደረግ በሚለው ነው። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች፣ ውኃ ተጎነጨች፣ ከዚያም ቁጣውን ከነቁጣው፣ አንድም ሳትሸርፍ፣ ማሻገር ጀመረች።